የሞተ ከብት አልበላንም

የአጎቴ በሬ የታመመው ሰኔ ሃያ አራት ቀን ነው። ቀኑን የማስታውሰው ጾሙ ሊፈታ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ስለነበር ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ አምስት ይፈታል፤ እስከዚያ በእኛ መንደር ሥጋ የነካ ድስት ምድጃ ላይ አይጣድም።

መንደራችን በጋዝጊብላ በኩል ነው፤ ከሰቆጣ በእግር አምስት ሰዓት ያህል ይርቃል። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተማርሁት ካገኘሁት ወረቀት ሁሉ ነው። ገበያ ላይ ጨው የሚጠቀለልበት ወረቀት ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ የተገነጠለ ነበር። አራግፌ፣ እጥፋቱን አቃንቼ፣ በመርፌና በክር እሰፋዋለሁ። ከነዚህ መካከል ስለ ከብት በሽታ የሚናገር አምስት ቅጠል ነበረኝ። ከገጽ አሥራ ሰባት ይጀምርና ሃያ ስድስት ላይ ይቆማል፤ ራስም ጅራትም የለውም። ገጽ ሃያ አንድ ስለ አባ ሰንጋ ነው። በድንገት የሞተና ካፍንጫው ወይም ካፉ ጥቁር ደም የወጣ እንስሳ እንዳይገፈፍ፣ እንዳይበለት፣ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር ያዛል። በቃሌ አውቀው ነበር።

ከበሬው በፊት የሞተ ነበረ። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ከመንደሩ በታች ካለው ምንጭ አጠገብ፣ አንዲት ሚዳቋ ወድቃ አየሁ። ሆዷ ተነፍቷል፤ እግሮቿ እንደ እንጨት ቀጥ ብለዋል፤ ካፍንጫዋ የወጣው ደም ጠቁሯል፤ ግን አልረጋም። የአውሬ ጥርስ አልነካትም። በሁለተኛው ቀን አሞራ ጨረሳት። ከብት ሲሞት ባለቤቱ ያለቅሳል፤ ሰው ሲሞት አገሩ ይሰበሰባል፤ ሚዳቋ ስትሞት ግን ምን ገደላት ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሷም፣ በሬውም፣ እኛም የምንጠጣው ከዚያው ምንጭ ነው። አይቼ ዝም አልሁ። ይህን ዝምታ እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልሁትም።

በሬው ዳለቻ ነበር፤ ከሁለቱ የአጎቴ በሬዎች ጠንካራው። ማታ ደህና ገብቶ አደረ። ጧት ግን አልነሣ አለ፤ ቆዳው ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አጎቴ ጎረቤቱን ጠራ፤ ሁሉም ሮጦ መጣ።

የሚሮጥበት ምክንያት አለው። በእኛ ዘንድ ሳይታረድ የሞተ ከብት በክት ነው። በክትን የክርስቲያን ቢላ አይነካውም፤ ለአሞራና ለጅብ ይተዋል። ስለዚህ ከብት ማጣጣር ሲጀምር ቢላው ከሞቱ መቅደም አለበት። ቢላው ከቀደመ ሥጋው ንጹሕ ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ አንድ አንድ መደብ ሥጋ ይወስዳል፤ ፈልጎ ሳይሆን ባለበሬው ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። በመኸር እህል ይሰጠዋል፤ ሰውየውም ከዓመት በኋላ ሌላ ወይፈን ያቆማል። ከዚህ የበለጠ ደግነት ብዙ አላየሁም። በሽታው ከቤት ወደ ቤት የተሻገረውም በዚሁ ደግነት ነው።

አጎቴ ቢላውን ሲስል ጠጋ ብዬ አባ ሰንጋ እንዳይሆን እንደምፈራ፣ ወረቀቱም እንዲህ ያለው አይገፈፍም እንደሚል ነገርሁት።

“የሞተ ነው የሚለው የታረደ?” አለኝ።

“የሞተ ነው የሚለው።”

“እንግዲያው ስለ እኛ አይደለም የሚያወራው። ና፣ እግሩን ያዝ።”

ቀልድ የሚወድ አንድ ጎረቤታችን ገመዱን እያጠበቀ፣ “የዚህ ልጅ ዕውቀት እኮ ከጨው መጠቅለያ የተገኘ ነው። ለዚህ ነው ጨው ጨው የሚለው” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እግሩንም ያዝሁ።

ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ፤ አጎቴ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ያን ገጽ የጻፈው ሰው ነው። የሞተ ከብት አትግፈፉ ብሎ የጻፈው ለማን ነው? ዋግ ላይ የሞተ ከብት የሚገፍፍ ማነው? ያንን ሳይነገረን ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሊነገረን የሚገባው ሌላ ነበር፤ ሊሞት ያለውን አትረዱ የሚለው። ያ አልተጻፈም። ጸሐፊው አንድ ቀን እንኳ አንድ ገበሬ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ከብት ሲታመም ሰው ወዴት እንደሚሮጥ ቢያይ ኖሮ ያን ገጽ በሌላ ቃል ይጽፈው ነበር። የተማረ ሰው ነው፤ ደሞዝ ተከፍሎታል፤ ወረቀቱም ታትሟል። ለእኛ የደረሰን ግን ለማናደርገው ነገር የተጻፈ ክልከላ ነው።

ቢላው ሲያርፍ ደሙ እንደ ወትሮው አልተፈናጠረም። ጠቁሮ፣ እንደ ሬንጅ ወፍሮ፣ ቀስ እያለ ወረደ፤ መሬት ላይም ሳይረጋ ቆየ። ሆዱ ሲከፈት ጣፊያው ከተለመደው ሦስት እጥፍ አብጦ ነበር፤ አጎቴ ሲያነሣው እንደ ጭቃ እጁ ላይ ፈረሰ። ሁሉም አየ። አንዱ ሐሞቱ ፈሶበት ነው አለ፤ ሌላው ድካም ነው አለ። ሥጋው አሥራ ሁለት መደብ ሆነ። ጾም ስለሆነ ማንም አልቀመሰም። በየቤቱ ተዘልዝሎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ከምድጃው በላይ ለቋንጣ ተሰቀለ። ቆዳውን አጎቴ በማግሥቱ ገበያ አወጣው።

አንጀቱን ያጠበችው እህቴ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ዝንብ ሲያስቸግራት በእርጥብ እጇ ዐይኗን ስታሻሽ ከሩቅ አይቻታለሁ።

በሦስተኛው ቀን የቀኝ ዐይኗ ቆብ ላይ ትንኝ የነከሳት የሚመስል ነገር ወጣ። አሳከካት እንጂ አላመማትም። በአራተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ፤ ወዲያው መሐሉ ጠቆረ፤ ፍም ጠፍቶ እንደቀረ ከሰል። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ሁለቱንም ዐይኖቿን ዘጋ፤ እስከ አንገቷ ወረደ፤ ድምጿ ተለወጠ። እናቴ እንዲህ ያለውን ቁስል መርፌ ከነካው ወደ ልብ ይገባል ይባላልና ሐኪም ቤት አይሆንም አለች። የሚያውቁ ሴቶችም እንደዚያው አሉ። ተቀምጬ ጉሮሮዋ ሲያፏጭ ስሰማ ቆየሁና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቃሬዛ አምጡ አልሁ። ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ ሰቆጣ አደረስናት።

እዚያ ስለሆነው ስጽፍ እጄን መቆጣጠር አለብኝ። የሰውም የቤቱም ስም አልጽፍም። ሰው የሚታከምበት ቤት አለ፤ ለከብት የሚሠራ ቢሮ አለ። ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ዘጠና ሁለት እርምጃ ነው። ስድስት ጊዜ ስለተመላለስሁበት ቆጥሬዋለሁ።

በመጀመሪያው ቤት ካርድ የሚሞላው ወጣት ምን እንደነካት ጠየቀ። የታመመ በሬ ታርዶ አንጀቱን እንዳጠበች ነገርሁት። ብዕሩን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ በሽታ በሪፖርት ስለሚጠየቅ የበሬው በሽታ ምን እንደነበር ከእንስሳት ሕክምና አጽፌ እንድመጣ አዘዘኝ። ሄድሁ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ በሬውን ሳያዩ መጻፍ እንደማይቻል፣ ናሙና ማምጣት እንዳለብኝ አስረዳኝ። በሬው ቋንጣ ከሆነ አምስት ቀን አልፎታል አልሁ። እንግዲያው ሴትዮዋ በምን እንደታመመች ከጤና አጽፈህ ና፤ ያን ይዘን እንጽፍልሃለን አለኝ። ተመለስሁ። ወጣቱ መጀመሪያ የእነሱ ይቅደም አለ። እኔም እንደ ሞኝ እንደገና ሄድሁ። እህቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ ደጅ፣ ቃሬዛው ላይ፣ ጥላ እንኳ በሌለበት ተኝታለች። ሁለቱም ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ይህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ሁለቱም በትሕትና ነው ያናገሩኝ፤ ሁለቱም የደንቡን ነው የነገሩኝ። በሽታው ግን ደንብ አልጠየቀም፤ ከሚዳቋዋ ወደ በሬው፣ ከበሬው ወደ እህቴ ሲሻገር የማንንም ማኅተም አልጠበቀም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስ አንድ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ድሬሰር ቃሬዛው አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የእህቴን ሻሽ ገልጦ ጥቁሩን ቁስል እያየ ነበር።

“ከብት አርዳችሁ ነበር?”

“አዎ።”

“ደሙ ረጋ?”

“አልረጋም።”

“በሉ አስገቧት። ወረቀቱ ከኋላዋ ይደርሳል።”

ፔኒሲሊን ይዞ ሲመጣ እናቴ እጁን ያዘችው። እህቴ ሁለት ዐይኗ ተዘግቶ፣ በዚያ በተለወጠ ድምጿ፣ “ይውጉኝ እማ። ባይወጉኝስ ምን ልሆን ነው?” አለች። እናቴ ለቀቀችው።

ወጥቶ ሥጋው የት እንዳለ ጠየቀኝ። ለጾም መፍቻ በአሥራ ሁለት ቤት እንደተሰቀለ ስነግረው ግድግዳውን ተደገፈ። ጨውም ጭስም በሽታውን እንደማይገድለው፣ ማንም ሳይቀምሰው ጅብ በማያወጣው ጉድጓድ መቀበር እንዳለበት ነገረኝ። ይህንኑ በወረቀት እንዲጽፍልኝ ለመንሁት፤ እኔ በባዶ አፌ ብናገር የሚሰማኝ የለም። እሱ ስለ ቁስል እንጂ ስለ ሥጋ መጻፍ እንደማይችል፣ ማኅተሙም በእጁ እንዳልሆነ አዝኖ ነገረኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ዘጠና ሁለቱን እርምጃ ተራመድሁ። የከብቱ ቢሮ ባለሙያ መኪናው በፍየል ጉዳይ ወደ ዋጉ ዝቋላ መውረዱን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጡ እንደሚችሉ ነገረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጾሙ ይፈታል አልሁት። ሰውየው አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። አንገቱን ነቀነቀና ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

እህቴንና እናቴን እዚያ ትቼ ብቻዬን ተመለስሁ። ሐምሌ አንድ ቀን ነበር፤ አራት ቀን ቀርቷል።

አጎቴ ነገሩን ሁሉ ሰማኝ። ስለ እህቴ አለቀሰ። ሥጋው ይቀበር ስለው ግን ወደ ደጅ ተመለከተ። ሌላው በሬው ብቻውን ደጅ ቆሞ ነበር፤ በእርሻ ወቅት አንድ በሬ ምን ያደርጋል? ሥጋውን መልሱ ማለት እህሉን አትስጡኝ ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ቂም አልያዝሁበትም። ያን ምርጫ በእሱ ላይ የጣሉት በሰቆጣ ሁለት ጠረጴዛ ይዘው የተቀመጡት ናቸው። አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ ጥፋቱ የመንግሥት ይሆን ነበር፤ እሱም ጎረቤቱን ቀና ብሎ ያይ ነበር።

ስለዚህ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድሁ። የደብሩ ካህን ናቸው፤ ከአሥራ ሁለቱ መደብ አንዱ እሳቸውም ቤት ተሰቅሏል። ስለ በሽታው ስነግራቸው ብዙም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ አስተራረዱ ነው። እንደ ልማዳቸው ሲያስቡ በኽምጣንጋ ለራሳቸው ያጉረመርማሉ፤ ጥያቄውን ግን በአማርኛ ነው የጠየቁኝ።

“ቢላው ሲያርፍበት ነፍስ ነበረው?”

“ነበረው አባ።”

“ደሙስ ወጣ?”

“አልወጣም። ትንሽ ወረደና ቀረ። ሥጋው ውስጥ እንዳለ ነው የተበለተው፤ ሲዘለዘል የተነጠፈው ጨርቅ ሁሉ ጠቁሮ ነበር።”

“አይተሃል?”

“እግሩን የያዝሁት እኔ ነኝ።”

መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ። ከዚያ፣ “ደሙ ያልወጣለትን እንዴት ታረደ እንላለን?” አሉ። ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና ቋንጣውን ከነገመዱ አወረዱት።

እሑድ፣ ሐምሌ ሦስት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን በደጀ ሰላሙ ቆመው ተናገሩ። ስለ ጀርም አላወሩም፤ ስለ ማንም አለማወቅ አልተናገሩም። ቢላ የሚነሣው ደም እንዲወጣ መሆኑን፣ ደሙ በሥጋው ውስጥ የቀረበት ከብት ቢታረድም ከበክት እንደማይለይ፣ የራሳቸውንም ሊቀብሩ እንዳመጡት ነገሯቸው። አንድ ሰው ብቻ፣ ያው ቀልደኛው ጎረቤታችን፣ “አባ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ልጣለው፤ ካየሁት ያሳሳኛል” አለ። ሳቁ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። እሱም ሄዶ በጆንያ ተሸክሞ አመጣው።

ጉድጓዱን እስከ ደረቴ አስቆፈርሁት። አመድ ጨመርንበት፤ ድንጋይ ከመርንበት፤ እሾህ ከበብንበት። በሬው የታረደበትንም ቦታ እንደዚሁ አጠርሁ፤ ሣሩ እዚያ ላይ ቀድሞ ይለመልም ነበርና ከብት ይስበዋል። አጎቴ የመጨረሻው ሆኖ የራሱን ይዞ መጥቶ ጨመረው። በመኸር ጊዜ ጎረቤቶቹ ላልበሉት ሥጋ እህሉን ሰፍረው ሰጡት። ማንም አላዘዛቸውም።

ከአሥራ ሁለቱ የተቀበረው አሥራ አንዱ ነው። አንዱ ቤት ድርሻውን በፋሲካ ሥጋ ላልላኩለት ዘመድ ቀድሞ ወደ ፃግብጂ ልኮት ነበር። መልእክተኛ ላክን፤ የዘመዱን ቤት አጥቶ ተመለሰ። ቆዳውም ገበያ ከወጣ በኋላ በማን ትከሻ ወዴት እንደተጓዘ አይታወቅም። ለሁለቱም ቢሮዎች በጽሑፍ አመለከትሁ። መልስ አልመጣም።

እህቴ ዳነች። ጥቁሩ ቅርፊት በሦስተኛው ሳምንት ወደቀ፤ ሲወድቅ ግን የዐይኗን ቆብ ወደ ላይ ሸምቅቆት ቀረ። ያ ዐይን አይከደንም። ስትተኛም ያያል። አቧራ በተነሣ ቁጥር በሻሿ ጫፍ ትሸፍነዋለች።

ክትባቱ የመጣው መስከረም ላይ ነው፤ ሣሩ ካደገ፣ ሌሎች አራት ከብቶች በማዶ ካለቁ በኋላ። ጧት ሁሉም ከብቱን ነድቶ ወንዙ ዳር አስከተበ። ከዚያ ለስብሰባ ተቀመጥን። ከሰቆጣ የመጣው ባለሙያ ቀደም ሲል ካገኘሁት ሌላ ነው። ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ ቃለ ጉባኤውን እንድይዝ ተሰጠኝ። ባለሙያው ስለ አባ ሰንጋ ያለውን ሁሉ አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረና፣ ኅብረተሰቡ የሞተ ከብት የመብላት ጎጂ ልማድ እንዳለው አምኖ ከእንግዲህ ሊተው ቃል መግባቱን ጻፍ አለኝ።

ሰዉ ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንሥተው ሊሄዱ ተነሡ። ለእኛ በክት በላ መባል እናትን መስደብ ነው። እኔ ብዕሩን ይዤ ቀረሁ። ከሴቶቹ መካከል እህቴ ተነሣች፤ ዐይኗን አልሸፈነችም።

“ጌታው፣ የሞተ የበላ ማነው? ስሙን ይጥሩት።”

ባለሙያው ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እህቴ፣ ያው ነው እኮ። ሊሞት የደረሰውን ማለቴ ነው።”

“ያው ከሆነ እሱን ያስጽፉ። እኛ ቢላ የምናነሣው ሊሞት ሲደርስ ነው። የሞተውንማ ሳትነግሩንም አንነካም። ይህን ሰኔ ላይ ብትነግሩን እኔም ዐይኔ ይከደን ነበር።”

እንዳለችው ጻፍሁት፤ አንድ ቃል አልቀነስሁም። ባለሙያው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ቅጹ እንዲህ እንደማይል፣ የሚጠበቀው ቃል ሌላ መሆኑን ነገረኝ። ቅጹን የጻፈው ሰው እዚህ መጥቶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በሦስት ወር ውስጥ በሰው ፊት የተናገርሁት ይህን ብቻ ነው። ብዕሩን ወስዶ የእሷን ቃል ሰረዘና የራሱን ጻፈበት።

የጣት ቀለሙ ወጣ። አጎቴ መጀመሪያ ተጠራ። መጻፍ አይችልምና ወረቀቱን ለእኔ አቀበለኝ፤ ምን ይላል አለኝ። በባለሙያው እጅ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነበብሁ። አጎቴ እጁን ወደ ጋቢው መለሰ። ቀጥለው የተጠሩትም እንደዚያው አደረጉ። መኪናው ጡሩንባ ነፋ፤ ሹፌሩ ቸኩሏል፤ ያለ ፊርማ ደግሞ የመስክ ሥራው አይቆጠርም። ባለሙያው ወደ መኪናው አየ፤ በመጨረሻ ተቀመጠና የጻፈውን ሰርዞ “ሊሞት የደረሰ ከብት ማረድ አደገኛ መሆኑ ቀድሞ ስላልተነገረን” ብሎ ጀመረ።

አጎቴ አውራ ጣቱን አተመ። ሽማግሌውም ተመልሰው አተሙ። ተራው እህቴ ላይ ሲደርስ፣ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ከመንከሯ በፊት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ባለሙያው ሰዓቱን አየ። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል እያቆምሁ፣ አነበብሁላት።